የሩቁ በግ ጠቋሚ

ውድ ኦሪን፣

ትሪሻ ይህን ወረቀት ይዛ አጠገብህ እንደተቀመጠች አውቃለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለእሷ ሰላምታ ላቅርብ። እንደምን አለሽ ትሪሻ? የባልሽን አባት ስለምትንከባከቢልን አመሰግንሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ የጻፍኩትን ሳትዘልዪ እንዳለ አንብቢለት። ስለ አንቺ ክፉ ነገር የተጻፈበት ቦታ የለም፤ ስለ እሱ ግን አለ። እዚያ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ነገሩ ካልጣመው ጆሮውም አልሰማ ይላል።

አሁን ወደ አንተ። ይህን የምጽፍልህ ወደ ዋዮሚንግ ተመለስ ልልህ ነው። ነገሩን መጨረሻ ላይ ላመጣው አስቤ ነበር፤ ግን ዙሪያ ጥምጥም እንደማትወድ ስለማውቅ አስቀደምኩት። ተመለስ። ለምን እንደምልህ ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ስትሰማ ይገባሃል። እስክጨርስ ድረስ እሺም እምቢም አትበል።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። በስልክ ግን እኔና አንተ ምንም አንረባም። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ነፋሱስ?» «ይነፍሳል።» ከዚያ ስልኩን ለትሪሻ ትሰጣታለህ። ትሪሻ ጥሩ ሴት ናት፤ ስለ ዴንቨር የመኪና መጨናነቅ ታወራኛለች፣ እኔም እሰማታለሁ። ስልኩን ስዘጋው ግን ቤቱ ከመደወሌ በፊት ከነበረው የባሰ ጭር ይልብኛል።

ከሄድክ ወዲህ ብቸኝነት ምን እንደሆነ አወቅሁ። ባሌ ሃዋርድ ሲሞት አዝኛለሁ፤ ቢሆንም ያኔ ሰው ይመጣ ነበር፣ ምግብ ይዞ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሳቸው አንድ አውቶቡስ ሙሉ ልጆች ነበሩኝ። ያንተ መሄድ ግን ማንም «አይዞሽ» የማይልበት ነገር ሆነ። ጎረቤትሽ ልጁ ጋ ሄደ፣ ደህና ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እራቴን ድስቱ ላይ ቆሜ እበላለሁ። ድምፅ እንዲኖር ብዬ ቴሌቪዥኑን እከፍትና ሌላ ክፍል እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋ «ሌላ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» ስትለኝ ልመልስላት ብል ድምፄ አልወጣ አለ፤ ለካ ቀኑን ሙሉ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስኩም ኖሯል። ጭንቅላቴን ነቅንቄላት ወጣሁ።

ትሪሻ፣ የሚቀጥለው ክፍል ላንቺ ነው፤ ሳታውቂው ብታነቢው ግራ ይገባሻል። የእኛ ተኩስ ቆመሽ እጅሽን ዘርግተሽ የምትተኩሺው አይደለም። መሬት ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ፣ ጉልበትሽን ታጥፊያለሽ፣ አንድ እጅሽን ከማጅራትሽ ስር ታደርጊና ሽጉጡን ከቀኝ ባትሽ ጎን ታስደግፊዋለሽ። እሳቱ እንዳይለበልብሽ እግርሽ ላይ ቆዳ ታስሪያለሽ። የምናነጣጥረው በግ ላይ ነው፤ አትደንግጪ፣ ከብረት የተቆረጠ በግ ነው። ዶሮውም፣ አሳማውም፣ ሌላውም አለ፣ እነሱ ግን ቅርብ ናቸው። በጉ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ኮረብታው ላይ ይቆማል። ሃያ ሁለት የምንለው የትንሹ ሽጉጥ ጥይት ደግሞ የትንሿ ጣትሽን ጫፍ አታክልም፤ እዚያ እስክትደርስ ጉልበቷ ያልቃል፣ ነፋሱም ወዳሻው ይወስዳታል። መምታት ብቻ አይበቃም፣ በጉ መውደቅ አለበት፤ ጮኾ ከቆመ አይቆጠርም። ተኝታ የምትተኩስ ሴት ጥይቷ የት እንዳረፈ ስለማይታያት፣ ከኋላዋ ቆሞ በሩቅ ማያ መነጽር እያየ «ዝቅ ብሏል፣ ወደ ግራ ሄዷል» የሚላት ሰው አለ። ጠቋሚ እንለዋለን። በክለባችን ጠቋሚ የሌለው ተኳሽ መስመር ላይ አይተኛም። አማትሽ ከሃያ ዓመት በላይ የእኔ ጠቋሚ ነበር።

እንግዲህ ኦሪን፣ አንተ ከሄድክ ጀምሮ አልተኮስኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲመጣ የእነሱ ተኩስ እስከ ቤቴ ይሰማል፤ መስኮቱን እዘጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋርቪን ሚስቱ የጋገረችውን የፖም ኬክ ይዞ መጣ። የክለቡ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ሰው ቤት መዞር ሥራው አድርጎታል።

«ዊልማ፣ ሽጉጥሽን ለሙዚየም ልትሰጪው ነው?» አለኝ ገና በሩ ላይ እንደቆመ።

«መጀመሪያ አንተን ልስጣቸው» አልኩት።

«ቀልዱን ተይው። ቅዳሜ የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ነው። ሎኒ ጠቋሚ ይሁንሽ። አዲስ መነጽር ገዝቶ የዝንብ ክንፍ ያሳያል እያለ ከተማውን አደንቁሮታል።»

«ሎኒ አፉን አይዘጋም።»

«አንቺ ደግሞ አትከፍቺም። ትስማማላችሁ።»

«ኦሪን እስኪመለስ ልጠብቅ።»

ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። ጋርቪን ኮፍያውን የሚያወልቀው ለቀብር ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። «ዊልማ፣ ኦሪን እኮ አይመለስም። ልጁ ቤቱን ሊሸጥለት ነው። አልነገረሽም?»

አልነገርከኝም። ስንት ጊዜ በስልክ ስለ ነፋስ ስንጠያየቅ ይህን አልነገርከኝም። ጋርቪን ከሄደ በኋላ የኬኩን ግማሽ ቆሜ በላሁት፣ ከዚያ አመመኝ። ከዚያም አንድ ነገር ወሰንኩ። ከሎኒ ጋር ሄጄ ሩቁን በግ ከጣልኩት አንተን መጠበቅ እተዋለሁ አልኩ። በሌላ ሰው ዓይን መተኮስ ከቻልኩ፣ ያለ አንተ መኖርም እችላለሁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። የሞኝ ሐሳብ ሊመስልህ ይችላል፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ግን እንዲህ ያለ ውል ከራሱ ጋር ይዋዋላል።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ነፋሱ ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። በጠዋቱ የቅርቦቹን ተኮስን፤ ስለ እነሱ አላወራህም። ከምሳ በኋላ የባቄላ ወጣችንን በልተን ስንጨርስ ሩቁ በግ ተራው ደረሰ። አምስት ጥይት ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ሎኒ አዲሱን መነጽር ከኋላዬ ተከለና መለፍለፉን ጀመረ። የከባድ መኪና መካኒክ ስለነበር ሁሉን ነገር በሞተር ነው የሚያስረዳው። ጋርቪን «አጉርስ!» ብሎ ሲጮህ እንኳ ዝም አላለም።

የመጀመሪያዋን ተኮስኩ። «ዝቅ! እግሩ ስር አቧራ አስነሳሽ! አንድ ክንድ ዝቅ ብለሻል!» አለ። ማነጣጠሪያውን ከፍ አደረግሁ። ሁለተኛዋን ተኮስኩ። «ወደ ግራ! በአፍንጫው በኩል አለፈች፣ አየኋት፣ በዓይኔ ነው ያየኋት ዊልማ!» አስተካከልኩ። ሦስተኛዋ በጀርባው ላይ አለፈች። ሰውዬው አንዳች አልተሳሳተም። ጥይቴ ያረፈችበትን ጠጠር ሳይቀር ነገረኝ፤ እኔ ግን በጠጠሩ ምንም ላደርግበት አልቻልኩም።

«ሎኒ፣ ምን እያደረግሁ ነው?» አልኩት ጭንቅላቴን ቀና አድርጌ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጥይቷ የት እንደሄደች ጠይቂኝ። ለምን እንደሄደች ፈጣሪዋን ጠይቂው።»

እዚያ ላይ ድምፅህ ናፈቀኝ። አንተ እኮ «ዝቅ ብሏል» ብለህ ብቻ አታውቅም። «ቀኝ ትከሻሽን ልቀቂው» ትላለህ። «ትንፋሽሽን አትቅበሪው» ትላለህ። «ስለ ቤቱ ማሰብ አቁሚ» ያልከኝም ጊዜ አለ፣ የእውነት ስለ ጣሪያው እያሰብኩ ሳለ። ከኮረብታው ላይ አቧራ አይቶ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የለም እያልኩ እደነቅብህ ነበር።

ስትሄድ የተውክልኝን መነጽር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ባዶ እጄን መሄድ ከብዶኝ ይሆናል። አውጥቼ ለሎኒ ሰጠሁት። «በዚህ እይልኝ። ያንተ አዲሱ አልሆነኝም» አልኩት። እንደ መሳቅ እያለ ተቀበለኝና ዓይኑን አስጠጋ።

«ዊልማ፣ ክዳኑን አውልቀሻል?»

«አውልቄያለሁ።»

«እንግዲያው ወይ እኔ ታውሬያለሁ፣ ወይ ይሄ ነገር ሞቷል። ጋርቪን! ና እስቲ እይ!»

ጋርቪን መጥቶ አየ። ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ፣ ነቀነቀው። «ውስጡ በሙሉ ሻግቷል» አለ። «ውሃ ገብቶት ነው። ይሄ የአንድ ክረምት ሥራ አይደለም፤ ዓመታት ፈጅቷል። በዚህ እንኳን በግ ኮረብታውም አይታይም።»

ገንዳው ትዝ አለኝ። የአንድ ከብት አርቢ በነፋስ የሚዞር የውሃ መሳቢያ ልትጠግን ማማው ላይ ወጥተህ፣ እኔ ከታች መሳሪያ ሳቀብልህ፣ መነጽሩ ከጃኬትህ ኪስ ወጥቶ የከብት ማጠጫው ገንዳ ውስጥ ገባ። ፒካፑ ውስጥ መስታወቱ ስር ለፀሐይ አሰጣኸው። «ተበላሸ?» ስልህ «ምንም አልሆነም» አልከኝ። ያኔ አውቶቡስ እነዳ ነበር ኦሪን። ያኔ ሃዋርድ ከሞተ ብዙም አልቆየም።

ጋርቪንና ሎኒ ሳቁ። «ይሄን ያህል ዘመን ሲያታልልሽ ኖሯል!» አለ ሎኒ። «በግምት ነው ለካ! እኔ ደግሞ አዲስ መነጽር እገዛለሁ!» ሌሎቹም ሰሙና ከየተኙበት ሳቁ። ፊቴ ነደደ። ሁለት ጥይት ይቀሩኝ ነበር፤ ተመልሼ በጀርባዬ ተኛሁ።

«ሎኒ፣ መነጽሩን ተወውና እኔን እይኝ» አልኩት።

«ምንሽን?»

«እኔን። ስተኩስ።»

«ዊልማ፣ ሚስቴ እዚያ ጋ ተቀምጣለች እኮ።»

«እይ ብዬሃለሁ!»

አራተኛዋን ተኮስኩ። ከኮረብታው ምንም ድምፅ አልመጣም። «እሺ፣ ምን አየህ?» አልኩት። ሎኒ ጉሮሮውን ጠረገ። «መሬት ላይ የተኛች ሴት» አለ። «በጣም የተናደደች።» ምስኪን፣ ከዚያ ሌላ የሚታየው ነገር አልነበረም። እሱን መውቀስ አይገባም።

አምስተኛዋን ከመተኮሴ በፊት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮረብታውን ትቼ ራሴን አየሁ። ቃታውን ልስብ ስል የቀኝ ጫማዬ ጫፍ በትንሹ ወደ ውጭ ይከፈታል። ሽጉጡ የተደገፈው እግሬ ላይ ነው፤ እግሬ ሲሄድ ሽጉጡም ይሄዳል። ትከሻዬ ደግሞ ነፋሱ ሲመጣ ከፍ ይላል፣ ብርድ እንደገባው ሰው። ሁሉም ነገር ያለው እዚሁ ነው፤ ከኋላዬ ለቆመ ሰው ያለ ምንም መነጽር ይታያል። የሚታየው ግን ሲያይ ለኖረ ሰው ብቻ ነው። ነፋሱን የሆነ እንደሆነ አንተ ዕድሜህን ሙሉ መሳቢያ ላይ ስትወጣ ስለኖርክ በማጅራትህ ታውቀዋለህ። የቀረውን ግን ከእኔ ነበር የምታነበው።

ጫማዬን ያዝ አድርጌ ተኮስኩ። ጥቂት ቆይቶ «ቲንግ» የሚለው ድምፅ ከኮረብታው መጣ። ሁሉም ቀና አሉ። በጉ አንዴ ተወዛወዘና ቆመ። አልወደቀም። «አልተቆጠረም!» አለ ጋርቪን፤ ደንብ ደንብ ነው፣ እኔም አልተከራከርኩትም።

ፒካፑን እየነዳሁ ስመለስ ተናድጄብህ ነበር። ትሪሻ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ያልኩሽ ይሄን ነው፤ ውሸታም! ይሄን ሁሉ ዓመት የሻገተ መነጽር ዓይንህ ላይ ደግነህ «እህ፣ እህ» ስትል እኔ ከታች ተኝቼ አምንህ ነበር! ብቻዬን መኪና ውስጥ እየጮኽኩ ያንተ ቤት ደጃፍ ደረስኩ። «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎበታል። ፍሬን ያዝኩና እዚያው ቆምኩ።

እዚያ ተቀምጬ ነው የገባኝ። ባለፈው መስከረም ልትሄድ ስትል «ዓይኔ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ ጠቋሚ አልሆንሽም» ብለኸኝ ነበር። እኔም ኮረብታው ጠፋበት ብዬ አዘንኩልህ፣ «ይገባኛል» አልኩህ። ምንም አልገባኝም ነበር። ኮረብታው የጠፋብህ መነጽሩ ገንዳው ውስጥ የገባ ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓመታት ከኋላዬ ቆመሃል። የሄድከው የገዛ ዓይንህ ሲደክም ነው። ታዲያ ምን ነበር ያልታየህ? የጠፋሁብህ እኔ ነበርኩ። እኔን ማየት ስላልቻልክ ነው የሄድከው፣ ይህንንም ልትነግረኝ አፍረህ ነው። ከተሳሳትኩ ትሪሻ ጽፋ ታርመኝ። ግን አልተሳሳትኩም።

ሃዋርድ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ሆኖም በትዳር ዘመናችን ሁሉ የትኛው ትከሻዬ ከፍ እንደሚል አላወቀም። አንተ አውቀሃል። ትንፋሼን የት ላይ እንደምይዝ ታውቃለህ። እወድሃለሁ ኦሪን። ይህን በልጅህ ሚስት አፍ ስትሰማው ታፍር ይሆናል፤ እኔም ስጽፈው አፍሬያለሁ። ግን ፊት ለፊትህ ብሆን ኖሮ ስለ ነፋሱ ነበር የማወራህ።

አንድ ነገር ግን እየከነከነኝ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ አንተ እኔን ስታይ እኔ ኮረብታውን ነበር የማየው። በጀርባዬ ተኝቼ ድምፅህን ብቻ እሰማ ነበር። አንድም ቀን ዞሬ አላየሁህም። እኔን ስታይ ፊትህ ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ። ሽጉጥ አልይዝም። ትሪሻ የዓይንህ መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ እንደቀረ፣ ሰው ለማየት ፊትህን ወደ ጎን እንደምታዞር ነግራኛለች፤ መጀመሪያ የኮራህባት መስሏት ነበር አሉ። እንግዲህ ከጎንህ እቀመጣለሁ፤ የትኛው ጎን እንደሚሻልህ ትነግረኛለህ። ከበጉ እኔ እበልጣለሁ፣ ደግሞም ቅርብ ነኝ።

መመለስ ከፈለግህ ቦት ጫማህን አድርገህ ጠብቀኝ። ትሪሻ፣ ራሱ ካላደረገው አንቺ እንዳታደርጊለት። በቤት ጫማ ካገኘሁህ አልለምንህም ኦሪን። ወንበር ስቤ ፊት ለፊትህ እቀመጥና እስኪመሽ ድረስ አይሃለሁ፤ ሳላይህ የቀረሁት ብዙ ነው። ከዚያ ተነስቼ ብቻዬን እነዳለሁ።

ተኳሽህ፣
ዊልማ